መቶ አርባ ሦስት ቀን

ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ካፈር ምርምር ቤቱ፣
ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ጠባብ ክፍል አለ፤ ቢጫ ነው ምልክቱ።
ቁልፉን የያዘው ሰው አትንኩት ይባላል፤
ስሙን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይሥቃል፤
ቀጥሎ ያስባል።

«እናቴ» ይለናል፣ ጓንቱን እየሳበ፣
«ከኔ በፊት አራቴ ሞት ቤቷን አንኳኳ።
አምስተኛው እኔ፤ ደጁ ላይ ቆመችና
አትንኩት! አለችው።
ስም ሆኖ ቀረ እንጂ፣ ስም አልነበረም ለካ።»

ከማቻከል የመጣው ቀዩ፣ ኮምጣጣው አፈር
ፎስፈረስ ጨብጦ ለጤፍ ሥር አልሰጥም ብሎ ነበር።
ያንን ንፉግ መዳፍ ፈልቅቀን ልናየው፣
ጨረር የምትተፋ ፎስፈረስ በጠብታ በጥብጠን አጠጣነው፤
ሥር ለሥር ስትሄድ፣ ግንድ ላይ ስትወጣ
በቆጣሪው ጆሮ ልንሰማት ነው።

አትንኩት ያልፋል በየጠረጴዛው፤
ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ዓይኑ ነው የሚቆጣው።
«ለዚህች እርሳስ አይሆንም፤
እርሳስ ላይ ስትላተም ሌላ ጨረር ትወልዳለች።
ወፍራሙን ፕላስቲክ አቁሙ፤ እሱ ውስጥ ደክማ ትቀራለች።
ባጅህን ደረትህ ላይ። ቀለበቷን ጣትሽ ላይ።
አንተ፣ ኪስህ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት፤
ሽምብራህን ውጭ አራግፈህ ግባ፤
እዚህ ክፍል አይበላም፣ ፍስክ የለውም ዓመቱ።»

ግንቦት አምስት፣ ከቀትር በኋላ፣
መብራቱ ድርግም ብሎ መጣ፤
የባንቺአምላክ እጅ ደነገጠ፤
ከፒፔቱ ጫፍ አንዲት ጠብታ
ወለሉን ነክታ፣ ጫማዋ ላይ ፈረጠች።
ማንም አላየ።
ቀለም የላት፣ ሽታ የላት፣
ከውሃ በቀር ምን ብለው ይጥሯት?
በሶፍት ጠርጋ ዝም ማለት ትችል ነበር፤
የወንድሟ የመጀመሪያ ደመወዝ ነው ያ ጫማ፤
ሳምንት እንኳ አልሞላው።
እሷ ግን እንደ ተተከለች ቀረች፤
«ጋሼ፣ ፈሶብኛል» አለች።

አልጮኸም። አልሮጠም።
«እግርሽን እንዳታነሺ» ብሎ ጠመኔ አወጣ፤
ዙሪያዋን አሰመረ፤
ጨርቁን ከዳር ወደ መሐል ሳበ፣
ከመሐል ወደ ዳር የጠረገ ጥፋቱን አስፋፋ ብሎ።
ከዚያ አጎንብሶ ቆጣሪውን አስጠጋ።
ወለሉ ላይ፣ ጠ… ጠ… ጠ…
ጫማዋ ላይ፣ ጠጠጠጠጠጠ!
ካልሲዋ ላይ ዝም።
እግሯ ላይ ዝም።
ያንን ዝምታ ሲሰማ ነው
እጁ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት፤ ያን ቀን ብቻ።

ጫማው ታሽጎ ክፍሉ ገባ።
«ግማሿ በአሥራ አራት ቀን ታልቃለች፣
የቀረችው ግማሽ በሌላ አሥራ አራት፤
ሳሙና ያባርራታል እንጂ አይገድላትም፣
እሳት ይበትናታል እንጂ አያጠፋትም፤
ከጊዜ በቀር ገዳይ የላት።
አሥር ግማሽ ስንቆጥርላት መቶ አርባ ሦስት ቀን።
ጳጉሜንን እንዳትረሱ!
ደመወዝ አይከፈልባትም እንጂ እሷም ቀን ናት።»
መስከረም ሃያ ሦስት ብሎ ጻፈ። ፈረመ።

ባንቺአምላክ ከጽዳት ክፍል በተገኘ ኮንጎ ጫማ
ጭቃውን እየዘለለች ወጣች፤
ሁለቱም የግራ ነበሩ።

ሰኔ ዘነበ። ሐምሌም።
ጮቄ ደመናውን ተከናንቦ ከረመ፤
ቢጫው በር ውስጥ፣ በጨለማ፣
አንድ ጥንድ ጫማ
በየአሥራ አራት ቀኑ ግማሽ ኃጢአቱን ይጥላል።

መስከረም ሃያ ሦስት ከፈተው።
ቆጣሪው እንደ ማንኛውም ግድግዳ አልፎ አልፎ ጠ አለ፤
ከዚያ ሌላ ምንም።
ጫማው ንጹሕ ነው።
ግን ክረምቱ አልማረውም፤ ጨረር የተወውን
ሻጋታ ከላይ እስከ ታች አልብሶታል።
ባንቺአምላክ ሣቀች፣
እሱም ሣቀ፤ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው።

አሁን ጡረታ ወጥቷል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው።
መዝገቡ ያው ነው፤
የመጣው፣ የወጣው፣ የቀረው፣ የተጠረገው፣
ከእያንዳንዱ መስመር ግርጌ በሰማያዊ ቀለም፣ ሲያስረክብ
አትንኩት፣ አትንኩት፣ አትንኩት።
አዲስ ተማሪዎች ገልጠው ሲያነቡት
ስም መሆኑን አያውቁም፤
ዘርግተው የነበረውን እጅ ይሰበስባሉ።
እኔም አላርማቸውም።